የወንዙ በር

ሐሙስ፣ ሐምሌ 2

ርእሰ መምህርቷ ሲት ራቢዓ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ድረስ መጥታ አንድ የልጅ ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። የአራተኛ ክፍል ልጆች «ዓባይን ሣሉ» ተብለው ነበር። ልጁ ዓባይን በማስመሪያ ሥሎታል። ቀጥ ያለ ነው፤ ስፋቱ ከላይ እስከ ታች እኩል፣ ጫፉ ላይ የብረት መዝጊያ ያለበት። ከመዝጊያው አጠገብ ዣንጥላ የያዘ የመስኖ ተቆጣጣሪ ቆሟል።

«የሌሎቹም እንደዚሁ ነው» አለች። «አንዷ ብቻ ጠማማ አድርጋ ሣለችው። ደስ ብሎኝ ለምን እንዲህ ሣልሽው ብላት፣ ማስመሪያ አልነበረኝም አለችኝ።»

አልፈርድባቸውም። እነዚህ ልጆች የሚያውቁት ውሃ ከመንደራችን በስተምሥራቅ የሚያልፈውን የመስኖ ቦይ ነው፤ እሱም ግማሹ የሐበሻ ተራራ ጭቃ ነው። ወንዙን ያየነው እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ እያለቅን ነው። ታች በግብፅ ግድቡ ሲሠራ በዓባይ ዳር የነበረውን አገራችንን ሐልፋን ውሃ በላው፤ እኛን በባቡር ጭነው እዚህ ሜዳ ላይ አራገፉን። ይኸው አርባ አምስት ዓመት ሆነ። መንግሥት ለአዲሱ መንደር ስም ሳይሆን ቁጥር ሰጠው። ቁጥሩን የሚያውቀው ፖስታ ቤቱ ብቻ ነው፤ እኛ በድሮው መንደራችን ስም ደጊም ነው የምንለው።

ራቢዓ ከረመዳን በፊት «የወንዝ ቀን» እንዲደረግ ትፈልጋለች። ለተማሪዎቹም፣ ለመንደሩም።

«ኡስታዝ ፊክሪ፣ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሥራዎ ምንድነው?»

«ጋዜጣ አነባለሁ።»

«እሱን ማታ ያንብቡት።»

ባለቤቴ ናብራ ሻይ አመጣችልን። ጥቂት ቆይታ እንደገና ሻይ አመጣችልን። ራቢዓ ሁለቱንም ጠጣች። ጥሩ አስተዳደግ ያላት ሴት ናት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 4

ወንዙን በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በሲሚንቶ እንሠራዋለን። ከባንዲራው እንጨት ተነሥቶ አጥሩ ድረስ ይሄዳል። ልጆቹ ድንጋይ ቀብተው መንደሮቹን በሁለቱም ዳር ይተክላሉ፤ ከቧንቧ ውሃ ይለቀቅበታል፤ ሽማግሌዎች እየተነሡ ያስረዳሉ። ሽማግሌዎቹን የሚያስቆም ሰውም መመደብ አለበት።

የት ይሁን የሚለው ኮሚቴያችንን አከራከረ። በግቢው ምዕራብ በኩል ሽንት ቤቱ አለ። እኔ ምሥራቁን መረጥኩ፤ ቧንቧውም እዚያው ነው። የሴቶች ተወካይ ሃጃ ሻያ ተቃወመች። ሻያ የናብራ ታላቅ እኅት ናት፤ ለሃምሳ ዓመት ያህል ስትቃወመኝ ኖራለች።

«ወንዙ በምሥራቅ አይፈስም» አለች።

«ሃጃ፣ ይሄ እኮ አምሳያ ነው።»

«አምሳያስ ቢሆን ምን ያስዋሸዋል?»

ሳቲ ጣልቃ ገባ። ሳቲ የአርጊን ሰው ነው። አርጊን ከደጊም ፊት ለፊት፣ በምዕራቡ ዳር ነበረች፤ አባቱ ሁለቱን መንደሮች የሚያገናኘው ማሻገሪያ ጀልባ ባለቤት ነበር፤ እሱም በልጅነቱ ይቀዝፍ ነበር። ዛሬ አሮጌ ፒክአፕ አለው፤ መሪውን ሲይዝ አሁንም መቅዘፊያ የያዘ ይመስላል።

«ለእኛ ለአርጊኖች ወንዙ በምሥራቅ ነበር» አላት። «ይኸው በስተርጅና ትክክለኛ ቦታውን ሊይዝልን ነው። ምናለ ብትተዪው?»

«አንተ ዝም በል። እናንተ ወንዙን ከጀርባው ነው ያያችሁት።»

በድምፅ ብልጫ ምሥራቅ አለፈ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 6

ዛሬ ናብራን ስለ ጀልባው ጠየቅኳት። ያለፈው ማክሰኞ ምን እንደበላን አታስታውስም፤ ምን እንደበላን ግን እኔም አላስታውስም፣ ስለዚህ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ስለ ወንዙ ከሆነ ግን የሚስተካከላት የለም። ውሃው ሲሞላ ከቀይ ወደ ቡና ዓይነት የሚለወጥበትን ሳምንት ታውቃለች። የቴምር ዛፎቹን ስማቸውን ታውቃለች፤ አዎ፣ ስም ነበራቸው፤ አንዱ «ሰነፉ» ይባል ነበር።

ጀልባ የፈለገ ሰው በእኛ ዳር ቆሞ «ኦ ባለ ጀልባ!» ብሎ ይጣራል። ከአርጊን ዳር የሳቲ አባት «ስንት ናችሁ?» ይላል። ቁጥሩን ሰምቶ ነው ትልቁን ወይም ትንሹን ጀልባ የሚፈታው።

«አንተ መልስ መስጠት ታፍር ነበር» አለችኝ። «ትምህርት ቤት መቶ ልጅ ላይ ትጮኻለህ፤ ውሃው ላይ ሲሆን ድምፅህ ይጠፋል። ስንት ናችሁ ሲለን እኔ ነበርኩ ‹ሁለት! ሁለት ነን!› የምለው። አገር ሁሉ አዲስ ሙሽሮች መሆናችንን የሰማው ከእኔ ጉሮሮ ነው።»

እውነት ነው። ጀልባም እፈራ ነበር። ይህን ለልጆቹ አልነግራቸውም።

ይህን ያወራችኝ በወንዙ በር ላይ ቆማ ነው። በደጊም የቤት በር ወደ ወንዙ ነው የሚከፈተው፤ ለእኛ ደግሞ ወንዙ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ነበር። እዚህ ስንመጣ መሐንዲሶቹ በሩን ሁሉ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጎዳናው አድርገውት አገኘን። በመጀመሪያው ዓመት ሴቶቹ ዶማ አንሥተው የምዕራቡን ግድግዳ በሱት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የደጊም ቤት ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ጎዳናው፣ አንዱ ወደ ሌለው ወንዝ። የእኛ የወንዝ በር የሚከፈተው ወደ ማሽላ እርሻ ነው፤ ከእርሻው ወዲያ የቡጣና ሜዳ እስከ ሰማይ ጥግ ነው። ናብራ ጠዋት ጠዋት እዚያ ቆማ ፊቷን ትታጠባለች። ከምግቡም የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለወንዙ ሰዎች ብላ በዚያ በኩል ትወረውራለች። ዶሮዎቹ ይበሉታል። ዶሮዎቻችን ራሳቸውን የወንዝ ሰዎች አድርገው ሳይቆጥሩ አይቀሩም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

ሲሚንቶ መጣ። አሸዋ አልመጣም። ሰማያዊ ቀለም ተብሎ አረንጓዴ መጣ።

ናብራ አውቶቡስ ማቆሚያ ተገኘች። አንድ ሾፌር አውቋት መለሳት። የት ልትሄጂ ነበር ስላት «ወደ ቤት» አለችኝ። የትም ቢሆን ሰው አውቶቡስ የሚጠብቀው ወደ ቤቱ ለመሄድ ነው።

ጓጉንቸር ገዝቼ ለጎዳናው በር አደረግኩለት። ከጎዳናው ማዶ ቦዩ ነው፤ ቦዩ ጥልቅ ነው። በወንዙ በር በኩል ምንም ስለሌለ እሱን ተውኩት። ቤቱ አየር ያስፈልገዋል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 14

ልጃችን ዋፋ ከጅዳ ደወለች።

«አባ፣ ሐኪም ጋ ወሰድካት?»

«አረንጓዴውን ቀለም መለሱልን። አሁን ሰማያዊ ነው።»

«አባ!»

«ከወንዝ ቀን በኋላ እወስዳታለሁ። አሁን ታስፈልገኛለች። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እየጠየቅኩ ነው፤ ከሁሉም የምታውቀው እሷ ናት።»

 

«እሺ፣ ለእኔም ጠይቅልኝ» አለች። «ስሜን ታውቀው እንደሆነ።»

ናብራ ደህና ናት። ትንሽ ትረሳለች እንጂ ደህና ናት።

እሑድ፣ ሐምሌ 19፣ ሌሊት

እንቅልፍ ስለራቀኝ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ስመለስ ናብራ አልጋው ጫፍ ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣ ነበር። ስገባ ተነሥታ ቆመች። ለእኔ ተነሥታ አታውቅም።

«ግባ፣ ግባ ጌታው» አለችኝ። «ቴምሩን ልትቆጥር ነው የመጣኸው?»

ግድቡ ከመሞላቱ በፊት ከመንግሥት የመጡ ሰዎች የእያንዳንዱን ቤተሰብ የቴምር ዛፍ ቆጥረው በኖራ ምልክት ያደርጉበት ነበር። ዛፉ ከተቆጠረ መሄድ አይቀርም ማለት ነው። ሴቶቹ ቆጣሪ ሲመጣ አንዳንዴ ያለቅሱ፣ አንዳንዴ ድንጋይ ይወረውሩ ነበር። ናብራ ግን ለቆጣሪም ሻይ የምታፈላ ሰው ናት።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ይህን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነበር፤ እኔ ነኝ፣ ፊክሪ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ፀሐዩም አናቴን በልቶኝ ነበር። ተቀመጥኩ።

«አንተ ምን ታደርግ፤ ቁጠር ተብለህ ነው» አለች። «ባሌ አስተማሪ ነው፤ አሁን ይመጣል። እሱ ያናግርሃል።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ይህን ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። አውቃለሁ።

«ዝምተኛ ነው» አለች። «መጽሐፍ ያበዛል። ጀልባ ይፈራል፤ ግን እኔን ለማስደሰት ይሳፈራል፤ ዓይኑን ጨፍኖ። ጥሩ ሰው ነው።» ከዚያ ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንዳትነግረው፤ ይኮራል።»

«አልነግረውም።»

«ቴምሩን አትቁጠረው» አለችኝ። «አንድ ዛፍ ተወው። ሰነፉን ተወው። ማንም አያውቅብህም።»

ተውኩት አልኳት። አመሰገነችኝ። ሻዩን ጠጥቼ፣ በወንዙ በር ወጥቼ፣ ቤቱን ዞሬ፣ የጎዳናውን ጓጉንቸር ከፍቼ እንደገና ገባሁ። «የዋፋ አባት፣ የት ቆይተህ ነው?» አለችኝ። «ቆጣሪው መጥቶ ነበር። ደግ ሰው ነው።»

ረቡዕ፣ ሐምሌ 22

የወንዙ አልጋ ተቆፈረ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ተለሰነ። ራቢዓ ልጆቹን በየመንደሩ ደለደለቻቸው፤ የአርጊን መንደር ሁኑ የተባሉት አኮረፉ፤ ሳቲም አብሯቸው አኮረፈ።

ከአጥሩ ጀርባ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ ሻያ ናት።

«ለሰው ልጅ ሁሉ ወንዙን ያስታውሳል፤ ሚስቱ ስሙን ረስታበታለች።»

«ውይ! እሱስ አውቋል?»

«ያውቃል እንጂ። ስላወቀ አይደል ሲሚንቶ የሚያቦካው።»

ናብራ ስሜን አልረሳችም። በዚህ ሳምንት አላስፈለጋትም እንጂ። የዋፋ አባት ብላ የምትጠራኝ ድሮም ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 27

ልምምድ። እንዲህ ያለ ቀን ባይጻፍ ይሻል ነበር፤ ግን ያልተጻፈው ነው የሚያሳድደኝ።

ውሃው ተለቆ ወንዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈሰሰ። ቆንጆ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንኳ ዝም አሉ። መንደሮቹ በቦታቸው፣ በቀለም የተጻፉ ስሞቻቸው ሳይደርቁ። ናብራን ሻያ ክንዷን ይዛ አመጣቻት። ለጀልባው የምትጣራዋ እሷ እንድትሆን ተስማምተን ነበር፤ ከደጊም የቀረ እንደሷ የሚጣራ ሰው የለም። ሳቲ የአባቱን ቦታ ይዞ ከልጆቹ ጋር ማዶ ቆመ።

ናብራ ደጊም ከተጻፈበት ድንጋይ አጠገብ ቆመች። ውሃውን አየችው፤ አላወቀችውም። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች። ጀርባዋን ለወንዜ፣ ፊቷን ለምዕራብ ሰጥታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች።

«ኦ ባለ ጀልባ!»

ያ ድምፅ!  ሰባ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ሴት ያን ድምፅ የት እንዳኖረችው አላውቅም።

ከሽንት ቤቱ ውስጥ አንድ ልጅ መለሰ።

«ተይዟል!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ ራቢዓ ፊቷን በወረቀት ሸፈነች፤ እኔም ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ። ናብራ አልሳቀችም። ሳቲም አልሳቀም።

«ወንዙ የት ሄደ?» አለችኝ።

«ይኸውልሽ፣ ከኋላሽ ነው» ብዬ ወደ ምሥራቅ አሳየኋት።

ልክ ቆጣሪውን እንዳየችው አየችኝ።

ሲመሽ ሳቲ በፒክአፑ ቤት አደረሰን። ሞተሩን ሳያጠፋ «ኡስታዝ፣ ብታዛውረው ምን አለበት?» አለኝ።

«የትኛውን? ሽንት ቤቱን ነው ወንዙን?»

«የሚቀልህን።»

ሲሚንቶው ደርቋል አልኩት። እውነትም ደርቋል። ጂኦግራፊን ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ሚዛን ያለው አምሳያ በየትኛውም አቅጣጫ ቢቀመጥ አምሳያነቱ እንደማይለወጥ ያውቃል። ይህን ለሳቲ በሰፊው አስረዳሁት። ሞተሩን አላጠፋም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 6

ነገ ነው። ወንበር ከመስጊዱ። ጥላ ከሠርግ ቤት። ድምፅ ማጉያው ያፏጫል። ከአውራጃው አንድ ባለሥልጣን ይመጣል ተባለ፤ ስለ ቦዩ ይናገራል ብለን ፈርተናል።

ናብራ ከሰዓት ጀምሮ ጫማዋን በወንዙ በር አጠገብ አስቀምጣ ቁጭ ብላለች። ለነገ ተዘጋጅታለች። ደስ ብሎኛል።

ጠዋት ቀድሜ እወጣለሁ። ሻያ መጥታ ትወስዳታለች። የጎዳናውን በር መቆለፍ እንዳልረሳ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 7

የለችም።

ሻያ መጣች። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ኪሴ ነበር። ቤት ውስጥ የለችም።

በወንዙ በር ወጥታ ቤቱን ዞራ ወደ ቦዩ ሄዳለች። ውሃ ያለው እዚያ ነው። ሌላ የት ይሆናል? ወደ ቦዩ ያልኩት እኔ ነኝ።

መንደሩ በሙሉ ቦዩ ላይ ነው። መዝጊያውን ዘጉት። ወጣቶቹ በእንጨት ያስሳሉ። ጭቃ ብቻ ነው። የወንዝ ቀን ልብሳቸውን የለበሱ ልጆች ዳር ዳሩን ይሮጣሉ።

ባለሥልጣኑ መጥቶ ተመለሰ።

ቀትር። አላገኘናትም። አላገኘናትም ማለት በሕይወት አለች ማለት ነው።

ከሰዓት። ሳቲ በደቡብ በኩል እስከ ትልቁ ቦይ ሄዶ ተመለሰ። የለችም።

ደረቅ ልብስ ልለብስ ቤት ገባሁ። ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው። የወንዙ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ብርሃኑ ወለሉ ላይ እንደ ውሃ ተኝቷል። ዶሮዎቹ በሩ ላይ ተሰብስበው ወደ ውጭ እያዩ ይጠብቃሉ። አንዳቸውም ወደ ጎዳናው በኩል አይደሉም። ጉርሻ የሚመጣው በየት እንደሆነ ያውቃሉ።

ጫማዋ የለም።

ምዕራብ። ወንዙ በምዕራብ ነው።

ሳቲ መጣ። እንሄዳለን።

ዓርብ፣ ነሐሴ 8

ሁሉንም ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ታሪክ አደርገዋለሁ።

ከእርሻው እንዳለፍን ዝናቡ ያዘን። የቡጣና ጥቁር አፈር ሲረጥብ ምን እንደሚሆን መኪና ያለው ሁሉ ያውቃል። ፒክአፑ እስከ ወገቡ ሰመጠ። ወርደን በእግራችን ሄድን፤ ስሟን እየጠራን። ሳቲ በመካከሉ ጭቃው ላይ ተቀመጠና ያለቅስ ጀመር። «እኔ የአርጊን ሰው ነኝ» ይላል። «ምሥራቅ ሲሉ ልክ መሰለኝ። ለእኔ ምሥራቅ ልክ ነበር፣ ኡስታዝ።» ከጭቃው ላይ አንሥቼው ቀጠልን።

ሲነጋ አንድ የሹክሪያ ጎሣ ከብት አርቢ በግመል ከፊታችን መጣ። ዑመር ወድ ዲያብ እባላለሁ አለ። ማንን እንደምንፈልግ አልጠየቀንም። ከግመሉ ወረደና በእግሩ ከፊታችን ሄደ፤ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለከብቶቻቸው የዝናብ ውሃ የሚያቁሩበት ሐፊር የሚሉት ትልቅ ኩሬ አለ። በዚህ ወቅት ሞልቶ ማዶው ሩቅ ነው። በምሥራቁ ዳር ነበረች። በጨርቅ ሸፍነዋታል። ጫማዎቿን አውልቃ ጎን ለጎን፣ ጫፋቸውን ወደ ውሃው አድርጋ አስቀምጣለች፤ ጀልባ ስንጠብቅ እንደምታደርገው።

«ትናንት ሲመሽ ነው ያገኘናት» አለ ሰውዬው። «ፊቷን ታጥባ ተቀምጣ ነበር። ወተት ሰጠናት፤ ጠጣች፤ መረቀችን። ወደ ድንኳኑ ነይ እማማ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው አልናት። እምቢ አለች። ጀልባው ይመጣል አለች።»

ሳቲ ፊቱን አዞረ።

«ለምነናታል፣ ወላሂ። ሚስቴ እጇን ይዛ ለመነቻት። ‹ከዚህ ከተነሣሁ ያጣኛል› አለች። ማን አልናት። ‹ፊክሪ› አለችን። ‹ከትምህርት ቤት ሲመለስ አብረን እንሻገራለን። ብቻውን ጀልባ ይፈራል።› ብርድ ልብስ ደርበንላት ሚስቴ አጠገቧ ተቀመጠች። ሲነጋጋ አረፈች። ምንም አልጮኸችም።» ትንሽ ቆይቶ «ፊክሪ ልጇ ነው?» አለኝ።

እኔ ነኝ አልኩት።

ስሜን አልረሳችም። ይህን ለሻያ መንገር አለብኝ። ምን ይጠቅማል? ግን መንገር አለብኝ።

ዛሬውኑ ቀበርናት። አላህ ይርሐማት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 14

ዋፋ መጥታለች። እናቷ ስሟን ታውቀው እንደነበር አልጠየቀችኝም። እኔም ጠይቄላት አላውቅም ነበር።

ሁሉም ሰው ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ይነግረኛል። ጎረቤቱ፣ ኢማሙ፣ ራቢዓ። ማንም ጥፋተኛ ነህ ሳይለኝ ሁሉም አይደለህም ይሉኛል።

ሻያ ብቻ ምንም አላለችኝም። መጥታ ጓጉንቸሩን ከጎዳናው በር ላይ አውልቃ፣ አጣጥፌ ባስቀመጥኩት የናብራ ነጠላ ላይ አኖረችውና ሄደች።

ሰኞ፣ መስከረም 11

ረመዳን አለፈ። ዒዱም አለፈ። ስለ ሁለቱም የምጽፈው የለኝም።

ዛሬ ራቢዓ ና ብላ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደችኝ። የልጆቹ አባቶች በዒድ ዕረፍት ሽንት ቤቱን አፍርሰው ወደ ምሥራቅ አዛውረውታል። በምዕራቡ በኩል አዲስ የወንዝ አልጋ ተቆፍሮ ይጠብቃል፤ ድንጋዮቹ ተነቅለው ዳር ተደርድረዋል። በአርባ አምስት ዓመት ውስጥ መንደራችን ያለ ጭቅጭቅ የወሰነው የመጀመሪያው ነገር ነው፤ በቃለ ጉባኤም አልተያዘም።

«ቆፍረን አቆምን» አለችኝ። «መታጠፊያዎቹን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ማስመሪያ ያልነበራት ልጅ አጠገቧ ቆማ ነበር። «ኡስታዝ፣ እውነት ወንዙ እንዲህ ይጣመማል?» አለችኝ።

ይጣመማል አልኳት። በዱላዬ መሬቱ ላይ አሰመርኩላት። ደጊም ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፤ ልጅቷ ጠበቀችኝ።

ረቡዕ፣ መስከረም 13

አርባዋ ነው። በእኛ ዘንድ ሐዘን ሲያበቃ ሴቶች ወደ ወንዙ ወርደው ፊታቸውን ይታጠባሉ። እዚህ ከመጣን ጀምሮ ይህን የሚያደርጉት በቦዩ ነው። ዛሬ ጠዋት ተሰብስበው መጡ፤ ወደ ቦዩ የሚሄዱ መስሎኝ መንገዱን ለቀቅኩላቸው።

ሻያ ከፊቴ ቆመች።

«ቦዩ ለእሷ አይሆንም» አለች። «ወስደህ አሳየን።»

በወንዙ በር ነው የወጣነው። ሁሉም፣ አንድ በአንድ፣ በቤቴ መካከል አልፈው። ዶሮዎቹ ግራ ተጋብተው ሸሹ። መሬቱ ደርቋል፤ ሦስት መኪና ሆንን። ራቢዓ አራተኛ ክፍልን ይዛ መጣች፤ ማን እንደፈቀደላት አልጠየቅኩም።

ሐፊሩ ጎድሏል፣ ግን ውሃ አለው። ዑመር ወድ ዲያብና ሚስቱ ከብቶቻቸውን ወዲያ አድርገው ቆመው ጠበቁን። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ታጠቡ። ዋፋ ቴምር ወደ ውሃው ወረወረች፤ ማን እንዳስተማራት አውቃለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ ፈሩ፤ ከዚያ እነሱም ታጠቡ።

እኔ ጫማዎቿ በነበሩበት ቦታ ቆሜ ነበር። ሳቲ ከአጠገቤ እንደጠፋ ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ኩሬውን ዞሮ ማዶ ሄዷል። በምዕራቡ ዳር፣ ፀሐይዋ በምትጠልቅበት በኩል፣ ትንሽ ሆኖ ይታያል።

ሻያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች። ድምፁ የእኅቷ አይደለም፤ ግን ከአንድ ቤት የወጣ ነው።

«ኦ ባለ ጀልባ!»

ከማዶ መልስ መጣ፤ በውሃው ላይ እየተንሸራተተ፣ እንደ አባቱ ድምፅ ጎትቶ።

«ስንት ናችሁ?»

ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። ሻያ አልመለሰችም። ዋፋም አልመለሰችም። ይህን መልስ ሰጥቼ አላውቅም፤ አፍር ነበር።

አንድ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ሁለት!» ብዬ ጮኽኩ። «ሁለት ነን!»

ሳቲ አላረመኝም። እዚያ ማዶ ጎንበስ ብሎ፣ ገመድ እንደሚፈታ ሰው እጆቹን አንቀሳቀሰ።